ግራሩ እስኪያጠላ

የካቲት 10 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ጅጅጋ

የትምህርት መርጃ ማዕከላችን ኃላፊ አቶ ዐብዲናስር «መመሪያው በትምህርት ቤቶች እስኪሞከር ድረስ የታየውን ሁሉ በየዕለቱ መዝግቢ» ብሎኛል። እሱ የሚያነበውን ቢሮ ባለው ደብተር ላይ በጨዋ አማርኛ እጽፋለሁ። ይሄኛው የራሴ ነው፤ እዚህ እንደ ልቤ አማለሁ።

መመሪያው ለአንደኛ ደረጃ መምህራን የሚሆን የአካባቢ ትምህርት መጽሐፍ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣልን ናሙና ስለ ጽድ፣ ስለ ዝግባና ስለ እርከን ሥራ ይተርካል። የእኛን አገር ልጅ ዝግባ ብታሳየው «ግመል ይበላዋል?» ነው የሚልህ። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ አገራችንን እንዲመስል ስናርመው ከረምን። ገጽ ዐሥራ አራት በተለይ የእኔ ናት። ናሙናው «ችግኞችን በቀርከሃ ቅርጫት ክለሉ» ይላል። ቀርከሃ በጅጅጋ! ሰረዝኩትና «እያንዳንዱ ተማሪ ችግኙን በአካባቢው በሚገኝ እሾህ ይጠር» ብዬ ጻፍኩ። አቶ ዐብዲናስር ወደ ሶማልኛ ሲመልሰው ለዚህች ዓረፍተ ነገር ብቻ አጨበጨበ። እኔም ሳምንቱን ሙሉ አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድኩ።

ሥዕሎቹን የሚሠራው የኋላሸት ነው። ከሐረር ወደዚህ ከመጣ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ሲሥል ያፏጫል። ፉጨቱን ቢተው እንከን አይወጣለትም ነበር።

የካቲት 14

ዛሬ የከተማ ልጆች ጋ ሄደን ፖስተሩን አሳየን። የኋላሸት ግራር ሥሎ ቅርንጫፎቹ ላይ ነፋስ ያመጣቸውን ሰማያዊና ቢጫ ፌስታሎች ሰቅሏል። «ምን ይታያችኋል?» ስላቸው ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አበባ!» አለ። እኔ ደነገጥኩ፤ እሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ወዲያው ልጆቹን ይዞ ወጣና «በሉ አበባ ልቀሙ» አላቸው። ግቢው በአንድ ክፍለ ጊዜ ጸዳ። እኔ ለዚያ ትምህርት ሦስት ገጽ ጽፌ ነበር።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ዐቢይ ጾም ገባ። እማዬ ከማለዳ ጀምራ ትቆጣለች። የዕድሩ ዕቃ ጠባቂ እሷ ስለሆነች አሮጌው ድንኳን ጓዳችንን ሞልቶታል። «አዲስ ከተገዛ አሮጌው ይውጣልን» ብላት፣ «አንድ ቀን ለአንቺ ሰርግ ይተከላል ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። አንቺ ግን ዛፍ ልታገቢ ነው መሰለኝ» አለችኝ።

ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። ሥራ ይበዛብኛል።

መጋቢት 3፣ ማታ

ራት አልበላሁም። እማዬ በጾም የደከምኩ መስሏት ተወችኝ።

ከቀብሪበያ ወጣ ብሎ ወዳለው የሙከራ ትምህርት ቤት ሄደን ነበር። የመሥሪያ ቤቱ መኪና እንደ ልማዷ ስላልነበረች እስከ ቀብሪበያ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በግ በጫነ ፒክአፕ ላይ ከየኋላሸት ጋር ተጣብቀን ሄድን። በጎቹ የመመሪያውን አንድ ሽፋን በሉ። እስከዚህ ድረስ ቀኑ ጥሩ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ብቸኛ ሴት መምህርት ኻድራ ናት። የጅጅጋ ልጅ ናት፤ ከኮሌጅ ከወጣች ገና ዓመት አልሞላትም። እሷ ከመጣች ወዲህ ሴቶቹ ልጆች ትምህርት አያቋርጡም ይባላል። ሮጣ መጥታ «አባዮ!» ብላ አቀፈችኝ። በሶማልኛ እህቴ ማለቷ ነው። እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። የኒም ችግኞቹ በረድፍ በረድፍ ቆመዋል፤ እያንዳንዱ በእሾህ ታጥሮ የልጁ ስም በካርቶን ተሰቅሎበታል። በመመሪያው ካለው ሥዕል ጋር አንድ ናቸው። አጨበጨብኩ። የኋላሸት ግን ማፏጨቱን አቁሞ ወደ ሌላ በኩል ያያል።

በግቢው መሐል አንድ ትልቅ ግራር ነበረ። በታኅሣሥ ስንመጣ የአንደኛ ክፍል ልጆች በሥሩ ተቀምጠው ይማሩ ነበር፤ ክፍል ስለማይበቃ ጥላው ነበር ክፍላቸው። ሽማግሌዎቹም ቅዳሜ ቅዳሜ ሥሩ ተቀምጠው የሰው ጉዳይ ያያሉ። ዛሬ ግንዱና ጥቂት የቅርንጫፍ ጉቶዎች ብቻ ቀርተዋል። ልጆቹ አሁንም እዚያው ይማራሉ። የግንዱን ቀጭን ጥላ ይዘው በአንድ መስመር ተሰልፈው ተቀምጠዋል፤ ፀሐይ ስትዞር እነሱም ቂጣቸውን እየጎተቱ ይዞራሉ። መጨረሻ ላይ ያለችው ልጅ ጭንቅላቷ ጥላ ውስጥ፣ እግሯ ፀሐይ ላይ ነበር።

ኻድራን «ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«እሾህ በቅርብ የለም፤ ከሰል የሚያከስሉት ጨርሰውታል» አለችኝ። «መመሪያው ደግሞ በአካባቢው የሚገኝ ይላል። በአካባቢው የሚገኘው ይሄ ብቻ ነው። ዘበኛው ቅርንጫፎቹን ቆረጠልን፤ ለሁሉም ልጅ በቃ።»

ኩራት ነበረባት። ያደረገችው ልክ የታዘዘችውን ነው። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሽማግሌዎቹ በጣም መቆጣታቸውን፣ ወረዳው እንዲያዛውራት መጠየቃቸውን ነገረችኝ። «እኔ ግን አልፈራም። ያንን ገጽ የጻፈው የሚያውቅ ሰው ነው፤ እናንተ ታስረዱልኛላችሁ» አለች።

«አዎ» አልኳት።

አጥር ማለት በዚህ አገር እሾህ መቁረጥ መሆኑን ማን ያጣዋል? እኔ። ጅጅጋ ተወልጄ በቆርቆሮ አጥር ያደግኩት እኔ። አርባ ቀን ያልሞላውን ችግኝ ከፍየል ለማዳን ስንቱን ልጅ ያሳደገ ዛፍ አስቆረጥኩ። ግመል ሳይሆን መመሪያ የበላው ዛፍ!

መጋቢት 4

ሌሎቹን የሙከራ ትምህርት ቤቶች በስልክ ጠየቅኩ። እነሱ የደረቀ እሾህ አግኝተው አጥረዋል። ሸደር አካባቢ ያለው ደግሞ ጭራሽ አልተከለም፤ ውሃ የለማ። በስንፍናቸው ደስ ሲለኝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

መጋቢት 6

አቶ ዐብዲናስርን በር ላይ ሆኜ ሰማሁት። ስልክ ላይ ነበር። «መመሪያው ችግር የለበትም። ልጅቷ አዲስ ናት፤ ቸኩላ ነው» ይላል።

ገባሁና ገጽ ዐሥራ አራት የእኔ መሆኗን፣ ኻድራ የተጻፈውን ብቻ እንደፈጸመች ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም። ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል እንዲህ ዓይነት ወሬ ከተነሣ ኅትመቱ እንደሚቀር፣ ኅትመቱ ከቀረ የእኔም ውል በሰኔ እንደማይታደስ አስረዳኝ። ከዚያ ሳቅ አለና «ሩቲ፣ የእናንተ ሰዎች ዝም አይነቅዝም ይሉ የለም?» አለኝ።

ይላሉ። ወጥቼ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀመጥኩ። ከምሳ በኋላ ሁሉም ለጫት በርጫ ስለሚበተን ቢሮው ጭር ይላል። የኋላሸት ብቻ አለ። እሱም አላፏጨም። ቢያፏጭ ይሻል ነበር።

መጋቢት 8

ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም፤ ሆድ ግን ይነቅዛል።

መጋቢት 10

ኻድራን ወረዳው ጠርቷት ነበር፤ ከዚያው ጅጅጋ ዘልቃ እኔ ጋ መጣች። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ከጨረሱ በኋላ ወደ ሩቅ ቦታ ትዛወራለች ተብሏል። ቢሮዬ ቁጭ ብላ ሻይ ጠጣች። ቀልዷ እንዳለ ነው። ልጆቹ ዛፉን ምን ብለው እንደሚጠሩት ነገረችኝ፦ «ሰዓት»። ጥላው ሲዞር ስንት ሰዓት እንደሆነ ያውቁበታል። ሳቅን። ልትሄድ ስትነሣ ግን «አባዮ፣ እኔ ብሄድ ሴቶቹ ልጆች ይቀራሉ» አለችና ሻሿን አስተካክላ ወጣች።

የማላውቀው ነገር አይደለም። ሰኔ ደርሶ ሥራ ብፈታ እናቴ ቤት ዳቦ አላጣም። የእሷ ልጆች ግን ሌላ ኻድራ የላቸውም። ይህን ለመረዳት አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ደግሞ ትምህርት አዘጋጅ ነኝ እላለሁ!

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ነገ እሄዳለሁ። ለአቶ ዐብዲናስር ነግሬዋለሁ፤ «አልሰማሁሽም» አለኝ። አልከለከለኝም ማለት ነው።

የኋላሸት እኔም እመጣለሁ አለ። ምን እንደሚሠራ አላውቅም። ፒክአፑ ላይ ቦታ ከማጣበብ በቀር።

መጋቢት 13፣ ማታ

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ነገ የምረሳው ይመስለኛል።

ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ከግራሩ ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጥላ የለም። ግን ቦታቸው ያ ነው፤ ወዴት ይሄዳሉ? ሁሉም ጥምጥሙን ወደ ግንባሩ ስቧል። እኔና ኻድራ በጎን ተቀመጥን። የሚመሩት አዴር ጉሃድ ናቸው። አዴር የሚባለው እንደ አጎት የሚከበር ሰው ነው። በደጉ ጊዜ ድሬዳዋ ነግደው አማርኛ ያውቃሉ።

ኻድራ ተጠየቀች። መመሪያውን አወጣች፣ አነበበች። «ይሄን የጻፈው ሰው ይጠየቅ እንጂ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለች።

ተነሣሁ። ሶማልኛዬ የገበያ ነው፤ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» የሚለውን ግን መንገዱን ሙሉ ስደጋግመው ስለሄድኩ አልተሳሳትኩም። የቀረውን በአማርኛ ነገርኳቸውና አዴር ጉሃድ ለሌሎቹ ወደ ሶማልኛ መለሱላቸው። እሾህ ከየት እንደሚመጣ ሳላስብ መጻፌን፣ ኻድራ የታዘዘችውን ብቻ ማድረጓን ተናገርኩ። ኻድራ ወደ እኔ ዞራ ስታየኝ ይሰማኛል። ዓይኗን ለማየት ድፍረት አጣሁ።

ያኔ ነው የኋላሸት ከኋላ ብድግ ያለው። «የአጥሩን ሥዕል የሣልኩት እኔ ነኝ። ቃሉን ያላነበበም ሥዕሉን አይቷል፤ ከቀጣችሁ ሁለታችንንም» አለ። ማን ጠየቀው? ሲቀመጥም ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ብዙ ተነጋገሩ። አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ያበርደዋል። በመጨረሻ አዴር ጉሃድ በትራቸውን መሬት ላይ አጋድመው እንዲህ አሉ።

«ልጄ፣ ዘበኛው ሲቆርጥ እኔ በዚህ በኩል አልፌአለሁ። ምንድን ነው ብል ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው አሉኝ። ማኅተም ካለው ዛፉ ቀርቶ እኔንም ቢቆርጡኝ ዝም ነው ብዬ ሄድኩ። ስለዚህ ጥፋቱን ለአንቺ ብቻ አንሰጥሽም፤ ስስታም አትሁኚ።»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ሳቄም ዕንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ።

ከዚያ ፍርዱን ሰጡ። «ጥላ የወሰደ ጥላ ይመልሳል» አሉ። ግራሩ እንደገና እስኪያጠላ ድረስ የልጆቹን ጥላ የምናቀርበው እኛ ነን። መጽሐፉም ከመታተሙ በፊት እዚህ ተነብቦላቸው ይሰሙታል። ኻድራ ትቀመጣለች፤ ወረዳውን እነሱ ራሳቸው ያነጋግሩታል። ስለ ዛፉ ስጠይቃቸው ቅርፊቱን በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው አሳዩኝ፤ ከሥሩ አረንጓዴ ነው። «ዝናብ ቶሎ ከመጣ ያቆጠቁጣል። ከዘገየ አላህ ያውቃል» አሉ።

ኻድራ መንገድ ድረስ ሸኘችን። ከዚያ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ምልክቱ አሁንም አለ። «የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው ብዬ ሳመሰግንሽ ዝም ብለሽ ሰማሽኝ?» አለች። «ሰማሁሽ» አልኳት። «እንግዲያው በየወሩ ራስሽ ትመጪያለሽ፤ ይሄ የኔ ፍርድ ነው» ብላ አቀፈችኝ።

ቀለል ብሎኛል። አሁን ጥላ ከየት ነው የማመጣው?

መጋቢት 15

አቶ ዐብዲናስርን የማዕከሉን ድንኳን ጠየቅኩት። ለእንግዳ መቀበያ ነው አለ። ሸራ ፍለጋ ገበያ ዞርኩ፤ የአንዱ ዋጋ ብቻ የወር ደመወዜን ይውጣል። የኋላሸት የራሱን አንሶላ ሊሰፋ ያስባል። ለስንት ልጅ ይበቃል ብሎ ነው?

መጋቢት 17

እማዬ ነገሩን ሁሉ ሰማች። የኋላሸት ነው የነገራት። ለምን ቤታችን እንደመጣ አላውቅም፤ ፖስተር ላሳይሽ ብሎ ነው። ሽሮ በላ፣ ሁለተኛም ተጨመረለት።

«አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ማለት አንቺ ነሽ» አለችኝ እማዬ። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ስትመለስ የዕድሩን ሊቀመንበር አሳምናለች። እሳቸው ቢያቅማሙ፣ «ሰው ሲሞት ብቻ ነው እንዴ ድንኳን የምንተክለው? ለሚያድግም ይተከል እንጂ» ብላቸዋለች። ጓዳችን ወለሉ ታየ!

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ድንኳኑ ቆመ። እማዬ አብራን መጥታ አተካከሉን እየተቆጣች አዘዘች፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ገመድ ያዙላት። አዴር ጉሃድ ሸራው ላይ የተጻፈውን አስነብበው የቅዱስ ሚካኤል ዕድር መሆኑን ሲሰሙ፣ «ሚካኤልን እኛም እናውቀዋለን፤ ይግባ» አሉ። የአንደኛ ክፍል ልጆች ግር ብለው ገብተው ተንጋለሉ። መቀመጥ ሰልችቷቸዋል መሰለኝ።

ከሰዓት መመሪያውን አነበብንላቸው። ስድስት ቦታ አረሙን። ሁለቱ ላይ ተከራከርኩ፤ አንዱን ረታሁ።

ሚያዝያ 4

ዝናብ የለም። ልጆቹ ከቤታቸው በጀሪካን የሚያመጡትን ውሃ ለኒሙ ነው ለግራሩ? በሚል ተከራክረው ለሁለቱም አካፈሉ። ከኒሞቹ ብዙዎቹ ደርቀዋል። ኻድራ ስልክ ደውላ «ሰዓታችን ቆሟል» አለችኝ፤ ቀልዷ ግን ለዛ አልነበረውም። ቢሮ ሆኜ በየሰዓቱ ወደ ካራማራ ጋራ አያለሁ። አንድም ደመና የለም።

ሚያዝያ 6

አቶ ዐብዲናስር ከበላይ ሰዎች ጋር ሲያወራ ደግሞ ሰማሁት። «ሽማግሌዎች መርምረው ያጸደቁት መመሪያ በክልላችን የመጀመሪያው ነው። ሐሳቡ የማዕከላችን ነው» ይላል። ቡናዬ ትን አለኝ። ኅትመቱ ተፈቅዷል። ሲያየኝ ሳል ያዘውና «ገጽ ዐሥራ አራትን እንደገና ጻፊያት» አለኝ።

እምቢ አለችኝ። አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀደድኩ።

ሚያዝያ 11

ዘነበ! ከቀትር ጀምሮ። የጅጅጋ መንገድ ወንዝ ሆኖ ፌስታል ይዞ ይወርዳል። ጫማዬ ገደል ይግባ። ኻድራ ደወለች፤ የሚሰማኝ የልጆች ጩኸት ብቻ ነው፤ እሷም ምንም አላለች፤ ስልኩን ወደ ዝናቡ ይዛው ነው።

የኋላሸት ቢሮ በር ላይ ቆሞ ያፏጫል። ዜማው አይከፋም።

ሚያዝያ 20

ፋሲካ ትናንት ነበር። ኻድራ በሚኒባስ ከመጣ ሰው ጋር የግመል ወተት ላከችልን። እማዬ ዶሮውን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ልትልክላት ነበር፤ በግድ አስተውኳት፤ እነሱ እኛ የባረክነውን ሥጋ አይበሉም። በምትኩ ዳቦ ላከች፤ ለአዴር ጉሃድም እንዲደርስ ብላ።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ከቀብሪበያ ማምሻውን ተመለስን።

ግራሩ አቆጥቁጧል። ከጉቶው ሁሉ እንደ ጣቴ የሚረዝም ለምለም ቀንበጥ ወጥቷል። ስነካው እጄን ወጋኝ፤ እሾሁ ሳይቀር በጤናው ነው። ደስታዬን የምገልጽበት አጣሁና ኻድራን ክንዷን ቆነጠጥኳት፤ ዕዳ ከፈልኩ።

ያላሰብኩት ሌላ ነበር። ለምለሙን ያዩ ፍየሎች ግቢውን መክበብ ጀምረው ነበር። ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው ከደረቁት ችግኞች ላይ አጥራቸውን አንሥተው፣ ያንኑ እሾህ፣ ከግራሩ የተቆረጠውን፣ በግራሩ ዙሪያ ከምረውታል። የራሱ ቅርንጫፍ ራሱን ይጠብቀዋል። የስማቸውን ካርቶኖች ሁሉ እዚያው ላይ ሰክተዋል። አሁን ዛፉ የሁሉም ነው።

የኋላሸት ቁጭ ብሎ ሣለው። ለገጽ ዐሥራ አራት ነው። ከሥሩ የምጽፈውን ስፈልግ ቆይቼ «ከማጠራችሁ በፊት እሾሁ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ» ብዬ ተውኩት። አዴር ጉሃድ ሲሰሙት ለመጀመሪያ ጊዜ አላረሙኝም።

ማታ የኋላሸት ቤታችን ራት በላ። እማዬ «እህስ፣ ድንኳኔ መቼ ይመለሳል?» አለችኝ። «ግራሩ ሲያጠላ ነው» አልኳት። ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ጠየቀች። እኔ አፌን ሳልከፍት የኋላሸት አንገቱን ደፍቶ፣ «እማማ፣ እኛ ያን ያህል የምንጠብቅ አይመስለኝም፤ ድንኳኑ ካልተመለሰ ሰርጉ ከግራሩ ሥር ይሁንልን» አላት።

እኛ አለ። እኔም «እኛ ማን?» አላልኩም። ደስ ብሎኛል፤ ልጻፈውና ይውጣልኝ፤ ከየካቲት ጀምሮ ደስ ብሎኝ ነበር።

እማዬ እሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ባዶውን ጓዳ አየች።

«እንግዲያው ይዝነብ» አለች።